ፊልትሮ የሌለው መኪና ምርመራ ሲያልፍ፦ ሆላንዶች የናፍጣ ጭስ መለኪያቸውን ለምን ቀየሩ?

ሆላንድ አገር ነው፣ መለኪያው ከመቀየሩ በፊት። አንድ የናፍጣ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ጋራዥ ገብቷል። የ2011 ሥሪት፣ ባለ ተርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ ያለው)። ሞተሩ በደንብ ሞቋል። መካኒኩ የጭስ መለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይሰካና ነዳጅ መስጫውን ባንዴ እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይመለሳል። ደግሞ ይረግጣል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ማሽኑ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከገደቡ በታች ነው፣ ከጭስ ማውጫው በኩልም ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። መኪናው አለፈ፣ ወረቀቱም ታተመለት።

የዚህ መኪና የጥላሸት ፊልትሮ ግን ተነቅሎ ወጥቷል።

እንዲህ ያለው መኪና አንድና ሁለት ቢሆን ኖሮ ነገሩ የአንድ ሰፈር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ፊልትሮ መንቀል በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ነበር። የሚነቅሉ ጋራዦች ነበሩ፣ ከነቀሉ በኋላ የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ጽፈው ፊልትሮውን «እንዲረሳው» የሚያደርጉ ባለሙያዎችም ነበሩ። ከዚያ መኪናው ዓመት በዓመት ምርመራ ይገባል፣ ዓመት በዓመት ያልፋል። መርማሪው አላጭበረበረም። ጉቦም የለም። መሣሪያውም አልተበላሸም። የለካውን በትክክል ነው የለካው። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ጭስ መለኪያ ልገዛ ነው የሚል ጋራዥ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለበት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስለ ፊልትሮው። ዲፒኤፍ ይሉታል። ከውስጡ ስታዩት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሴራሚክ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ እየተደፈነ ስለተሠራ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ካልሰረገ በቀር መውጫ የለውም። ጋዙ ይሰርጋል፣ ጥላሸቱ ይቀራል። ደህና ፊልትሮ ከቅንጣቶቹ ከ99 በመቶ በላይ ያስቀራል። የተጠራቀመው ጥላሸት ደግሞ መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ እዚያው ተቃጥሎ ያልቃል። ከተማ ውስጥ ብቻ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም። ይደፈናል። መብራት ይበራል፣ ሞተሩ አቅም ያጣል፣ ባለቤቱ ጋራዥ ይሄዳል፣ የአዲሱን ፊልትሮ ዋጋ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ከሺህ ዩሮ በላይ ነው። ከጎን ያለው ሰውዬ «እኔ በዚያ ሩብ ዋጋ ነቅዬ እገላግልሃለሁ» ሲለው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ቆርቆሮውን ይከፍቱታል፣ ሴራሚኩን ሰባብረው ያወጣሉ፣ መልሰው ይበይዱታል። ከሥር ገብታችሁ ብታዩት ፊልትሮው ቦታው ላይ ነው። ባዶ ቆርቆሮ መሆኑን ከውጭ ማን ያውቃል?

አንድ የድሮ ዘዴ አለ። ጣታችሁን የጭስ ማውጫው ጫፍ ውስጥ አስገብታችሁ ጠረግ አድርጉት። ፊልትሮው ደህና የሆነ የናፍጣ መኪና ማውጫው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፣ ጣታችሁ ደረቅ አቧራ እንኳ ላይነካ ይችላል። ጥቁር ሆኖ ከወጣ ግን ነገር አለ። ጥሩ ጥርጣሬ ይሰጣል። ሕግ ፊት ግን ጣት ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ሕጋዊው መሣሪያ ለምን አላየውም?

ያ መሣሪያ ኦፓሲሜትር ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ጭስ መለኪያ። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ ጭሱ ያልፋል። በአንድ ጫፍ መብራት አለ፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ። በሌላው ጫፍ ብርሃን ተቀባይ አለ። ጭሱ ብርሃኑን ምን ያህል ሸፈነው? ያ ነው የሚለካው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ በ1888 ገደማ የፋብሪካ ጭስን ጥቁረት ከነጭ እስከ ጥቁር በተሰመረ ካርድ እያመሳከሩ ከ0 እስከ 5 የሚመድቡበት መንገድ አውጥቶ ነበር። ኦፓሲሜትር የዚያን ሰው ዓይን በመብራት ተካው። አውሮፓ በ1972 ለናፍጣ ተሽከርካሪዎች የጭስ መመሪያ ሲያወጣም መለኪያው ይኸው የብርሃን መሸፈን ነበር።

በዚያ ዘመን ይህ ትክክል ነበር። የያኔው ናፍጣ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። የነዳጅ ፖምፓው ከመጠን በላይ ሲሰጥ፣ ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ሲያንጠባጥብ፣ የአየር ፊልትሮው ሲደፈን ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ መብራቱ ይሸፈናል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ቁጥሩ በሜትር ነው የሚሰጠው፤ ጭሱ በአንድ ሜትር ርዝመት ብርሃኑን የሚሸፍንበት ልክ ነው፣ ሲበዛ ጭሱ ጠቁሯል ማለት ነው። ተርቦ ለሌለው ሞተር ገደቡ በሜትር 2.5፣ ተርቦ ላለው 3.0 ነበር። ከሐምሌ 2008 ወዲህ ለተመዘገቡት ወደ 1.5 ወረደ፣ ለዩሮ 6 ደግሞ 0.7 ሆነ። («ዩሮ» ስል የጭስ ደረጃውን ነው እንጂ ገንዘቡን አይደለም።)

አሁን ይህንን ከፋብሪካው ገደብ ጋር አስተያዩት። ዩሮ 3 በ2000 ሲጀምር አንድ የናፍጣ የቤት መኪና በኪሎ ሜትር 50 ሚሊ ግራም ጥላሸት ማውጣት ይፈቀድለት ነበር። በዩሮ 4 25 ሆነ። በዩሮ 5 ወደ 5 ወረደ፣ ቆይቶ 4.5። ከዚያም ክብደቱ ብቻ አይበቃም ተብሎ የቅንጣቶቹ ብዛት መጣ፤ በኪሎ ሜትር 600 ቢሊዮን። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፣ ለናፍጣ ግን ያለ ፊልትሮ የማይደረስበት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ላይ ገደቡ ከአሥር እጥፍ በላይ ጠበቀ። ዓመታዊው ምርመራ ግን እዚያው ቀረ። መኪናው አዲስ ሲሆን በሚሊ ግራም ይመዘናል፣ ሲያረጅ በባልዲ ይሰፈራል ማለት ነው።

ዘመናዊ ሞተር ደግሞ ያለ ፊልትሮውም በጣም የከፋ አያጨስም። ነዳጁ የሚረጨው በከፍተኛ ግፊት ስለሆነ ብናኙ ደቃቅ ነው፣ የሚወጣው ጥላሸትም ደቃቅ ነው። ፊልትሮው የተነቀለ የዩሮ 5 መኪና በኦፓሲሜትር ሲለካ ብዙ ጊዜ 1.5 ቀርቶ ግማሹን እንኳ ሳይነካ ያልፋል። ፊልትሮው የተሰነጠቀ ከሆነማ ቁጥሩ ከዜሮ እምብዛም አይለይም። እዚህ ላይ መሣሪያው ራሱ የሚሳሳተው መጠን ከሚለካው ጭስ ይበልጣል። ገደቡን ወደ 0.1 ብናወርደውስ? የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሲወርድ ግን የመስታወት ማደፍ፣ የዜሮ መንሸራተት፣ የውሃ ጠል ሁሉ «ጭስ» ሆኖ ይቆጠራል። ጥፋት የሌለበት ሰው ይወድቃል፣ ጥፋተኛው በዕድል ያልፋል።

ኦቢዲ የሚባለው፣ መኪናው ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓትስ? የመኪናው ኮምፒውተር ራሱ ፊልትሮ ሲጎድል መናገር ነበረበት እኮ። ልክ ነው፣ ግን ፊልትሮውን የነቀለው ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው ያንኑ ኮምፒውተር ነው። ተጠርጣሪውን ጠርቶ «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። የለም ይላል።

የሆላንድ ሰዎች እዚህ ላይ ነው ቁጭ ብለው ያሰቡት። ቲኤንኦ የሚባል የተግባራዊ ምርምር ተቋም አላቸው። ከ2015 በኋላ ባሉት ዓመታት ተቋሙ ፊልትሮ መኖሩንና መሥራቱን ለማረጋገጥ ለዓመታዊ ምርመራ የሚሆን ዘዴ ሲፈልግ ቆየ። መኪኖችን ሰብስቦ በላብራቶሪ ሮለር ላይ እየነዳ ለካ፣ እነዚያኑ መኪኖች ደግሞ ቆመው በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጣቸው፣ ለካቸው። ያገኙት ነገር ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ነው። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ከጭሱ ውስጥ የሚቆጠረው የቅንጣት ብዛት፣ መኪናው ሲነዳ ከሚያወጣው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሮለር አያስፈልግም። መርገጥም አያስፈልግም። ሞተሩን አስነስቶ መቁጠር ብቻ።

ይህ ለመካኒክ ትልቅ እፎይታ ነው። የድሮ ሞተር ላይ ነዳጅ እስከ ወለሉ መርገጥ ያስፈራል። ቀበቶው ያረጀ ሞተር በሙሉ ዙር ሲጮህ ልብ የማይመታበት መካኒክ የለም፤ ቢበጠስ ማን ሊከፍል ነው?

እሺ፣ ቅንጣት እንቁጠር። በምን?

ቅንጣት ቆጣሪ ያኔም ነበር። ግን የላብራቶሪ ዕቃ ነው። ትልቅ፣ ውድ፣ ባለሙያ የሚፈልግ። የሆላንድ ዓመታዊ ምርመራ ደግሞ የሚካሄደው በመንግሥት ጣቢያ ሳይሆን ፈቃድ ባላቸው የግል ጋራዦች ነው። የተሽከርካሪ ባለሥልጣኑ፣ አርዲደብሊው የሚባለው፣ ከ100 መኪና 3ቱን ያህል በድንገት መጥቶ እንደገና ያያል፣ የቀረው በጋራዡ እጅ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የሚገዛው የሰፈር ጋራዥ ነው። ዘይት በነካው እጅ የሚያዝ፣ ጠዋት በብርድ የሚነሳ፣ ከመኪና ወደ መኪና የሚጎተት መሆን አለበት። ዋጋውም ጋራዡ ከምርመራ በሚያገኘው ገቢ የሚመለስ መሆን ነበረበት። ስዊዘርላንድ ከዚያ ቀደም ብላ በግንባታ ማሽኖች ላይ ቅንጣት መቁጠር ጀምራ ስለነበር በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል።

በመጨረሻ ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት መንገዶች ቀረቡ። ሁለቱም ስለሚያምሩ ትንሽ ልቆይባቸው።

አንደኛው በኤሌክትሪክ ነው። ጭሱ ሲገባ ቅንጣቶቹ ኤሌክትሪክ እንዲሞሉ ይደረጋል፣ ከዚያ ተሸክመው የሚያመጡት ጅረት ይለካል። ብዙ ቅንጣት ብዙ ጅረት። መሣሪያው ጠንካራ ነው፣ የሚሞላ ፈሳሽ የለውም፣ ዋጋውም ይረክሳል። ድክመቱ ትልቅ ቅንጣት ከትንሹ ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ መሸከሙ ነው፤ ስለዚህ የቅንጣቱ መጠን ሲለዋወጥ ቁጥሩም ትንሽ ይወዛወዛል።

ሁለተኛው በደመና ነው ማለት ይቻላል። ቅንጣቶቹ የአልኮል እንፋሎት ባለበት ክፍል ውስጥ ያልፋሉ፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ በእያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያ ይጤዛል፣ ልክ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጠብታ በብናኝ ላይ እንደሚያድገው። ለብርሃን የማትታየው ቅንጣት ጠብታ ለብሳ ትወፍራለች፣ ከዚያ በብርሃን ጨረር ፊት አንድ በአንድ ስታልፍ ትቆጠራለች። ይህ በእውነት መቁጠር ነው። በመጠን አይታለልም። ግን አልኮሉን መሙላት አለባችሁ፣ መሣሪያው ሲጋደል አይወድም፣ እንክብካቤ ይፈልጋል።

ሁለቱም አንድ የጋራ ፈተና አለባቸው። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥላሸት ብቻ አይደለም። የውሃ ጠልና ያልተቃጠለ ነዳጅ እንፋሎትም አለ፣ ሲቀዘቅዙ ደቃቅ ጠብታ ይሆናሉ። መሣሪያው እነዚህን እንደ ጥላሸት እንዳይቆጥር ናሙናው ይሞቃል ወይም በንጹሕ አየር ይቀጥናል። የመቁጠሪያው መነሻም 23 ናኖ ሜትር አካባቢ ተደረገ፤ ከዚያ ያነሱት እንዲቀሩ። 23 ናኖ ሜትር ማለት ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ሲነጻጸር በሺዎች እጥፍ ያንሳል።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ጎኑ የትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ስፋት የሚያክል ኩብ አስቡ፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። በተራ የከተማ አየር ውስጥ እዚያች ኩብ ውስጥ ብዙ ሺህ ቅንጣቶች አሉ። ፊልትሮው ደህና የሆነ የናፍጣ መኪና በሚኒሞ ሲሠራ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ መንገዱ ላይ ካለው አየር በቅንጣት የጸዳ ሆነ ማለት ነው። ፊልትሮው የተነቀለበት መኪና ደግሞ እዚያችው ኩብ ውስጥ ሚሊዮኖች ይተፋል። በኦፓሲሜትር ሁለቱ መኪኖች መንታ ይመስላሉ። በቆጣሪው ልዩነታቸው በሺህ እጥፍ ነው። ትክክለኛ መሣሪያ ማለት ይህ ነው ለእኔ፤ ጤነኛውንና በሽተኛውን ያለ ክርክር የሚለይ።

ገደቡ ላይ ግን አገሮቹ አልተስማሙም። ቤልጂየም ከሐምሌ 1፣ 2022 ጀመረች። ሆላንድ ጥር 1፣ 2023 ተከተለች፤ ለዩሮ 5 እና 6 በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1,000,000 ገደብ አድርጋ፣ ከፋብሪካ ፊልትሮ ኖሯቸው ለመጡት ቀደምት መኪኖች ደግሞ 1,500,000። ስዊዘርላንድ በዚያው ቀን ጀመረች፣ ገደቧ ግን 250,000 ነው። ጀርመን ጥቂት ጊዜ ካራዘመች በኋላ ሐምሌ 1፣ 2023 በ250,000 ገባች፣ ለዩሮ 6 መኪኖች ብቻ። የአውሮፓ ኮሚሽንም በመጋቢት 2023 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ 250,000ን መረጠ።

አንድ ሚሊዮን የመረጡት ሰዎች አስተሳሰብ ይገባኛል። ዋናው ዒላማ የተነቀለውን መያዝ ነው፤ የተነቀለው ደግሞ ሚሊዮኑን በቀላሉ ያልፋል። ገደቡ ለቀቅ ሲል ርካሹ መሣሪያ ይበቃል፣ ክርክሩም ይቀንሳል። ዋጋው ግን የተሰነጠቀው ፊልትሮ መንገድ ማግኘቱ ነው። እኔ ብሆን ወደ 250,000 አደላ ነበር፤ ደህና ፊልትሮ ከዚያ በብዙ እጥፍ በታች ስለሚቀመጥ ጤነኛ መኪና የሚጎዳበት ምክንያት አይታየኝም።

ፈተናው ጋራዥ ውስጥ ሲደረግ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይሞቃል። መካኒኩ የመሣሪያውን ቀጭን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያስገባል። ሞተሩ በሚኒሞ ይቆያል፣ ጭሱ እስኪረጋ ትንሽ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሰኮንዶች ብቻ በሚፈጅ ጊዜ ይቆጠራል። ማለፍ ወይም መውደቅ ማያው ላይ ይወጣል። ጩኸት የለም፣ የጭስ ደመና የለም።

እንከንም አለበት። ፊልትሮው የጠራቀመውን ጥላሸት ገና አቃጥሎ ከጨረሰ ለጥቂት ጊዜ ያሳልፋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የጥላሸት ሽፋን ራሱ ማጣሪያ ነው፣ ያ ሲቃጠል ቀዳዳው ይሰፋል። እንዲህ ያለ መኪና ሳይበላሽ ሊወድቅ ይችላል፣ ትንሽ ተነድቶ መመለስ ይኖርበታል። የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋም ቁጥሩ ይለዋወጣል። ደግሞ ይህ መሣሪያ የሚቆጥረው ጥላሸት ብቻ ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድን አያይም፤ በ2015 ዓለምን ያነጋገረው የቮልስዋገን ጉዳይ የነበረው በዚያኛው ጋዝ ነው፣ ለእሱ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጤና ስለሆነ አንዲት ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ከሁሉ በፊት የሚተነፍሰው ደግሞ መርማሪውና መካኒኩ ነው። ጋራዥ ውስጥ ጭስ ስትለኩ በሩን ክፈቱ፣ የጭስ መሳቢያ ካለ ስኩ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛስ ቅንጣት ቆጣሪ እንግዛ?

በእኔ እምነት ለአብዛኛው ጋራዥ ገና ነው። የሆላንዱ ጥያቄ «ፊልትሮው አለ ወይ?» ነበር። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ከፊታችሁ ያለው የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር መስኮታችሁን የሚያዘጋችሁ ፊልትሮው ተነቅሎበት አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረውም። በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ቢከለከልም የጅቡቲ መንገድ አሁንም በናፍጣ ነው የሚተነፍሰው። የእነዚህ ሞተሮች በሽታ ኖዝል፣ ፖምፓ፣ ተርቦና የአየር ፊልትሮ ነው። ጭሱ በዓይን ይታያል። ለዚህ ደግሞ ያ የድሮው ኦፓሲሜትር ምርጥ መሣሪያ ነው። ሆላንዶች ፊልትሮ ላላቸው መኪኖች የተዉት መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ጥያቄያቸው ስለተለወጠ ነው። ፊልትሮ ያላቸው አዳዲስ መኪኖችን የምትይዙ ከሆነ ግን ኦፓሲሜትሩ ስለ ፊልትሮው ምንም እንደማይነግራችሁ እወቁ።

ኦፓሲሜትር ስትመርጡ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ፤ በመቶኛው። ሻጩ «በመቶኛ ያነባል» ይላችኋል። መቶኛ ግን ቱቦው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ካልታወቀ ትርጉም የለውም። ብርሃኑ 43 ሴንቲ ሜትር ጭስ ውስጥ አልፎ 50 በመቶ ከተሸፈነ፣ ያው ጭስ በግማሹ ርዝመት ቱቦ ውስጥ 29 በመቶ ብቻ ይሸፍናል። አንድ ጭስ፣ ሁለት ቁጥር። አንዱ ጋራዥ ሲጥል ሌላው ያሳልፋል። ለዚህ ነው በሜትር የሚሰጠው ቁጥር የተሻለው፣ እሱ የቱቦውን ርዝመት ከሒሳቡ ያወጣዋል። ከላይ ያለው ጭስ በሁለቱም መሣሪያ በሜትር 1.6 ገደማ ይወጣል። በሜትር የማያነብ ጭስ መለኪያ አትግዙ። መቶኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለስንት ሴንቲ ሜትር ተሰልቶ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ 43 የተለመደው ነው።

ከዚያ የዘይት ሙቀትና የዙር መለኪያ አብሮት እንዲኖር ፈልጉ። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚወሰድ ቁጥር የማንንም ሞተር አይገልጽም፤ ዘይቱ 80 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ያህል ረግጦ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ የተጠራቀመውን ማስወጣት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ ቁጥሮች ተደምረው ለሦስት ይካፈሉና አማካዩ ይያዛል። ዙሩ ጣሪያው ካልደረሰ ደግሞ መኪናው ሳይረገጥ አለፈ ማለት ነው። ዙር የማያነብ መሣሪያ ይህን አያውቅም፤ ቀስ ብሎ የሚረግጥ እግር ማንኛውንም መኪና ያሳልፋል። መለኪያው ክፍል መሞቁንም እዩ፣ አለበለዚያ ጠል መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። መስታወቶቹን በንጹሕ አየር የሚከላከል ማራገቢያ ያለው ይሻላል።

ከፍታውን ደግሞ አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ያን ያህል አየር ሲጎድለው፣ ፖምፓው ግን ለቆላ የተስተካከለውን ነዳጅ ሲሰጠው፣ ይጠቁራል። አዳማ ላይ ያለፈ መኪና አዲስ አበባ ቢወድቅ ሁልጊዜ መሣሪያውን አትጠርጥሩ። አሜሪካኖች ለከባድ መኪና የጭስ ፈተና ባወጡት ደንብ ላይ የአየሩን ጥግግት የሚያስተካክል ስሌት አለ፤ መሣሪያችሁ ይህን ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ሻጩ ቤት ስትሄዱ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አሠሩት። ጥሩ ጭስ መለኪያ ከማረጋገጫ መስታወት ጋር ነው የሚመጣው፤ ጥቁርነቱ የታወቀ፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ የተቀባ መስታወት። መሣሪያው ይሙቅ፣ ዜሮ ያንብብ። ከዚያ መስታወቱን ያስገባው፣ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል ወይ? ያውጣው፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል ወይ? ለግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይና እንደገና ያስገባው። መስታወቱ የለም፣ ኋላ ይመጣል ካለ፣ እናንተም ገንዘቡን ይዛችሁ ኋላ ኑ።